ከድንጋዩ ሥር ያለው ከሰል

በ1988 ዓ.ም. ነሐሴ፣ ፍልሰታ ሊፈታ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ጎሊና ሌሊቱን ሞልቶ ወረደ። ጠዋት እናቴ እርሻዋ ላይ ስትደርስ ማሽላዋ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ውስጥ ቆሟል። ይህ አላስደነገጣትም። በእኛ አገር ደለል የጠጣ መሬት ለከርሞ የሚያበላ መሬት ነው። ያስደነገጣት የእኛንና የጎረቤታችንን መሬት የሚለየው እርከን አለመኖሩ ነው። ሦስቱ የወሰን ድንጋዮች አይታዩም። ከቁርቁራው ዛፍ እስከ ቦዩ አፍ ድረስ አንድ ወጥ ጭቃ ተዘርግቷል።

እናቴ ማንበብ አትችልም ነበር፤ መሬቷን የምታውቀው በእግሯ ነው። ጫማዋን አውልቃ ከቁርቁራው ሥር ጀመረችና ጭቃውን እየረገጠች ቆጠረች፤ ሰባ ሁለት እርምጃ። እዚያ ላይ የማሽላ አገዳ ሰክታ ወደ ቤቷ ተመለሰች። በመስከረም አጋማሽ ጭቃው ሲጠነክርና ጎረቤቶቻችን እርከኑን መልሰው ሲሠሩ፣ አዲሱ እርከን ከአገዳዋ ወዲህ፣ በእኛ በኩል፣ አራት እርምጃ ገብቶ ተገኘ።

እኔ የታሪክ መምህርት ነኝ። ብዙ ዓመት በቆቦ ክፍል ውስጥ ቆሜ አስተምሬያለሁ። የራያ ቆላ ታሪክ ሲነሣ መጽሐፉ የሚያነሣው የ1935ቱን የወያኔ አመፅ ነው፣ አለዚያም የ1977ን ረኃብ። ሁለቱም ሊነሡ የሚገባቸው ናቸው። ነገር ግን እናቴን ሌሊት እንቅልፍ የነሣት፣ የብዙ ቤት ልጆችን ከትምህርት ቤት ያስቀረው፣ አንዳንዱንም ለደም ያበቃው የአራት እርምጃ ነገር በየትኛውም መጽሐፍ ውስጥ አላገኘሁትም። ስለዚህ የማውቀውን ልጻፈው።

ቆቦን ያላየ ሰው በመጀመሪያ ሜዳውን በዓይነ ሕሊናው ማየት አለበት። ከወልድያ ወደ አላማጣ የሚወስደው መንገድ በሜዳው መካከል ያልፋል፤ በስተምዕራብ ወደ ላስታ የሚወጡት ተራሮች፣ በስተምሥራቅ የዞብል ሰንሰለት ይታያሉ። ከዞብል ማዶ አፋር ነው። ሜዳው ላይ የሚዘንበው ዝናብ ብቻውን ማሽላ አያደርስም፤ የሚያበላን ምዕራብ ተራራ ላይ የሚዘንበው ነው። እሱ በጎሊና፣ በሆርማትና ስም በሌላቸው ብዙ ሸለቆዎች ተምዘግዝጎ ይመጣል፣ ለጥቂት ሰዓት ይቆያል፣ ያልፋል። ገበሬው በእነዚያ ጥቂት ሰዓታት ውስጥ ነው ጎርፉን የሚይዘው። ወንዙ ውስጥ ድንጋይና የእሾህ ቅርንጫፍ ከምሮ፣ አፈር ደልድሎ፣ ውሃውን ወደ ቦይ ያዞረዋል፤ ይህን ጠለፋ እንለዋለን። ከቦዩ ወደ ላይኛው ማሳ፣ ከላይኛው ወደ ታችኛው እየተላለፈ ይጠጣል።

እንግዲህ በዚህ አገር ድንበር ማለት ምን እንደሆነ አስቡት። በደጋ ድንበር ማለት በሬ ሲደርስ የሚመለስበት መሥመር ነው። በእኛ ዘንድ ድንበር ውሃ የሚይዝ የአፈር እርከን ነው፤ ከፍታ አለው፣ አፍም አለው። ከፍ ካደረግከው የታችኛው ጎረቤትህ ይጠማል። ዝቅ ካደረግከው ያንተ ማሳ ሳይጠግብ ውሃው ያልፈዋል። አፉን አንድ ክንድ ብታዛውረው ጎርፉ የሰውየውን መሬት ቆርጦ ቦረቦር ያደርግበታል። ስለዚህ ሁለት ሰዎች «ድንበር ገፋኸኝ» ተባብለው ሲካሰሱ፣ ጸቡ ስለ መሬት ይሁን ስለ ውሃ ቀርቦ ያልጠየቀ ሰው አያውቅም። ብዙ ዳኛም ሳያውቅ ፈርዷል ብዬ አምናለሁ፤ ከተማ ተቀምጦ በወረቀት ላይ መሥመሩን ብቻ ያያልና። የውሃውን ተራ የሚከፍል የውሃ አባት አለ፤ የመሬቱን ወሰን የሚያውቁ ሽማግሌዎች ሌሎች ናቸው። ሁለቱ ካልተገናኙ ነገሩ አይቋጭም።

ሁለተኛም ነገር አለ። ጎርፉ ራሱ ድንበር ገፊ ነው። ደለል ሲያመጣ ድንጋዩን ይቀብረዋል፣ አሸዋ ሲያመጣ መሬቱን ይገድለዋል፣ ሲቆጣ ደግሞ ከአንዱ ቆርጦ ለሌላው ይጨምራል። ሰው ሳይበድል ሰው የሚበደልበት አገር ነው። ጎረቤት ጎረቤቱን ከመክሰሱ በፊት ወንዙን መጠየቅ ነበረበት፤ ወንዙ ግን ሸንጎ ላይ አይቀርብም።

አያቴ የነበሩበት ዘመን የርስት ዘመን ነው። በሸዋና በደቡብ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ቀላድ እየተጣለ መሬት በጋሻ ሲለካ (አንድ ጋሻ 40 ሄክታር ገደማ ነው)፣ በሰሜኑ የርስት አገር መሬት የሚቆጠረው በገመድ ሳይሆን በአባት ነበር። ተሟጋቹ «ይህ የእኔ ነው» ሲል ከየትኛው ቀደምት አባት እንደተወለደ፣ በየትኛው እናት በኩል እንደመጣ እየቆጠረ ነው። ወሰኑም የሚነገረው እንደዚያው ነው፤ ከዋርካው እስከ ገደሉ፣ ከገደሉ እስከ መቃብሩ። ዋርካው ሲወድቅ ሙግት ይነሣል። «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» የሚባለው ተረት ለተነቀለው ሰው ተስፋ ነበር፤ ተቀምጦ ለሚያርሰው ደግሞ የማያልቅ ስጋት። ከሦስት ትውልድ በኋላ አንድ የማያውቁት ዘመድ መጥቶ ድርሻዬን ቢል ሊሰማ ይችላልና።

አያቴ በአንድ የማሳ ጥግ ምክንያት ከአጎታቸው ልጅ ጋር ሲሟገቱ ኖረዋል። በጭቃ ሹሙ ፊት ተጀመረ፤ ከጣሊያን በኋላ አጥቢያ ዳኛ ሲቋቋም እዚያ ሄደ፤ ከዚያ ወረዳ፣ ከወረዳ አውራጃ። ያኔ እኛ በወሎ ጠቅላይ ግዛት የራያና ቆቦ አውራጃ ሰዎች ነን። ይግባኙ ደሴ ደረሰ። ደሴ ማለት ስንቅ፣ የበቅሎ ኪራይ፣ የማመልከቻ ጸሐፊ ዋጋና ከእርሻ የሚጎድል ወር ነው። አክስቴ ስትቆጥር በዚያ ሙግት ውስጥ አምስት በሬ ሄዷል። ጥጉ ግማሽ ጥማድ የማይሞላ ነበር። ማን እንደረታ ቤተሰቡ ሁለት ዓይነት ይናገራል። ለውጥ መጥቶ ሁለቱንም ነጠቃቸው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ተባለ። አዋጅ ቁጥር 31 ለአንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ አይፈቅድም፤ በ20 ጋሻ መሬት ላይ አንድ የገበሬ ማኅበር ይቋቋማል፤ በአካባቢው የሚነሣውን የመሬት ክርክርም ማኅበሩ የመረጠው የፍርድ ሸንጎ ይሰማል። በእኛ ሜዳ 10 ሄክታር የነበረው ጭሰኛም ባለርስትም ጥቂት ነው። ለእኛ ትልቁ ነገር ገመዱ ነበር። የዕድገት በኅብረት ዘማቾች መጡ፤ ተማሪዎች ናቸው፣ አብዛኞቹ ማሽላና በቆሎን በቡቃያነቱ መለየት አይችሉም፤ ግን ገመድ ይዘው፣ ከኮሚቴው ጋር ቆመው፣ አባትህ ማነው ሳይሉ ቤተሰቡን ቆጥረው ሰጡ። በ1968 አባቴ ሦስት ጥማድ ደረሰው። አጠገቡ ከሌላ ዘር፣ ከሌላ ሃይማኖት የሆነ ሰው ደረሰው። እኛ አያ እንላቸው ነበር። ከዚያ በፊት ሁለቱ ቤተሰቦች ቡና ተጠራርተው አያውቁም፤ ኩታ ገጠም ያደረጋቸው ገመዱ ነው።

የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። አንድ ጠዋት አባቴ ከምድጃው የቀዘቀዘ ከሰል በቁና አፍሶ ሲወጣ አየሁ። ተከተልኩት። አያ ሦስት ትልልቅ የወንዝ ድንጋይ በአህያ አምጥተው ይጠብቁት ነበር። ጉድጓዱን ሲቆፍሩ ግን አባቴ አየኝና «ወደ ቤት!» አለኝ። ከሰሉ ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁም።

በ1977 ሁላችንም ተነቀልን። በልግ አልዘነበም፣ ክረምቱም ከዳ፣ ተራራው ላይ ካልዘነበ ጎርፍም የለም። ዓለም ኮረምን በቴሌቪዥን ያየው በዚያ ዓመት ጥቅምት ነው፤ እኛ እዚያ ውስጥ ነበርን። አባቴ እዚያ ቀረ። ስለዚያ ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

ስለ መሬቱ ግን መጻፍ እችላለሁ። በኮረምና በአላማጣ የነበረው ሰው ሁሉ በልቡ አንድ ጥያቄ ይዞ ነው የተኛው፤ መሬቴ ላይ ማን አለ? ለሰፈራ ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቦር፣ ወደ መተከል የተጫነው ሰው መሬት ለሌላ ተሰጠ። በኋላ ከሰፈራ አምልጠው በእግራቸው የተመለሱ ሰዎች የራሳቸውን ቁርቁራ ዛፍ እያዩ የሰው እርሻ ዳር ቆመው ሲያለቅሱ አይቻለሁ። እኛ በ1978 ስንመለስ መሬቱ ባዶ ነበር፤ ድንጋዮቹም እንደቆሙ ነበሩ። አያ ከቤታቸው አልወጡም ነበር፤ ሁለት ልጅ ቀብረዋል፤ ኮሚቴው የእኛን መሬት ለሌላ ሰው ለመስጠት ሲመጣ «ባለቤቶቹ ይመጣሉ» ብለው መልሰዋል። ይህን የነገሩን እሳቸው አይደሉም፤ ከሰው ሰማን።

ስለዚህ በ1989 መስከረም ያ እርከን አራት እርምጃ ገብቶ ሲገኝ እናቴ የተሰማት ንዴት ብቻ አልነበረም። ያረሰው የአያ ልጅ ነው። አያ አርጅተው፣ ዓይናቸው ደክሞ፣ ከደጃፋቸው አይርቁም። እናቴ ደግሞ ባል የላትም። በእኛ አገር ሴት በሬ አትጠምድም፤ መሬቷን ለእኩል አራሽ ትሰጣለች። እኩል አራሹ የድንበሩ ጠባቂ አይደለም፤ ትልሙን የሚያዞረው በሬው በሚመቸው ቦታ ነው፣ ከጎረቤት ጋር መጣላትም አይፈልግም። ሜዳው ላይ ያሉትን የመሬት ጸቦች በልቤ ስቆጥር የተገፉት ብዙዎቹ የመበለት መሬቶች ናቸው። በአንድ ጊዜ አይደለም፤ በዓመት አንድ ትልም፣ አንድ ትልም ነው። የአሥር ዓመት ትልም ተደምሮ የአንድ ልጅ ቀለብ ይሆናል።

ፍርድ ቤት መሄድ ትችል ነበር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1149 በይዞታው ላይ ሁከት የተነሣበት ሰው ሁከት ይወገድልኝ ብሎ እንዲከስ ይፈቅዳል፤ ጊዜው ሁለት ዓመት ነው። እኔ ይህን አንብቤ ነገርኳት። «ዳኛው መሬቱን ይመልስልኝ ይሆናል» አለች፤ «ጎርፍ ሲመጣ ሌሊት ተነሥቶ ቦዩን የሚከፍትልኝ ግን ዳኛው አይደለም።» ሽማግሌ ተቀመጠ።

ስድስት ነበሩ፤ ሦስት በእኛ በኩል፣ ሦስት በእነሱ፤ ክርስቲያንም እስላምም ከሁለቱም ወገን። የተቀመጡት ቁርቁራው ሥር ነው። አስቀድመው ሁለቱንም ወገን ዋስ አስጠሩ፤ የሚሉትን እንዲቀበሉ። ከዚያ የተናገሩት የመጀመሪያ ነገር ስለ መሬት አልነበረም። «ይህ ነገር ወደ ዘወልድ እንዳይደርስ ነው የተቀመጥነው» አሉ። በራያ ዘወልድ ደም የሚያደርቅ ሽምግልና ነው፤ ሰው ከተገደለ በኋላ ገዳይንና የሟችን ወገን የሚያስታርቅ። የዚያ ሽምግልና ስም በድንበር ነገር ላይ ሲጠራ ወጣቶቹ ዝም አሉ። ስንት ደም ከትልም እንደሚጀምር ሁሉም ያውቃል።

በመጀመሪያው ቀን እናቴ በእርምጃዋ መሠከረች። የአያ ልጅም የእሱን ቆጠራ ተናገረ፤ ውሸት የሚናገር አይመስልም ነበር፤ ጎርፉ እሱንም አሳስቶት ይሆናል። በሁለተኛው ቀን እኔ ተነሥቼ ስለ ከሰሉ ተናገርኩ። አንዱ ሽማግሌ «ልጅ ያየችው ነው» ብለው አለፉት። ሴት መሆኔም የረዳኝ አይመስለኝም። አያ ከፊት ተቀምጠው ነበር፤ አንድ ቃል አልተነፈሱም። ያን ቀን ማታ እናቴ እህል አልቀመሰችም።

በሦስተኛው ቀን መሐላ ተወሰነ። ኦሪት የባልንጀራውን ድንበር የሚያፈልሰውን ትረግማለች። በእስልምናም አንድ ስንዝር የሰው መሬት በግፍ የወሰደ ሰው በፍርድ ቀን ሰባት ምድር በአንገቱ ይጠለቅለታል የሚል የነቢዩ ቃል አለ፤ አንዱ ሽማግሌ ይህን በዝግታ ተናገሩት። ቁርአኑ ሲቀርብ አያ እጃቸውን አልዘረጉም። «ለመማል አይደለም የመጣሁት» አሉ፤ «ልጅቷ ያለችውን ቆፍሩ።»

ከቁርቁራው ሰባ እርምጃ ላይ ጀምረው በዶማ ቆፈሩ። ክንድ ተኩል ያህል ደለል ነበር። ድንጋዩ ከሰባ ሁለተኛው እርምጃ አንድ ጫማ ወዲያ ተገኘ። ሲነሣ ከሥሩ ጥቁር ነገር ወጣ፤ እርጥብ፣ በጣት ሲነካ የሚያጠቁር። ሃያ ዓመት አልበሰበሰም። ድንጋይ ወንዝ ሊያመጣው ይችላል፤ ሰውም ሌሊት ሊያዛውረው ይችላል። ከሰል ግን በሰው እጅ ካልሆነ እዚያ አይገባም፤ ድንጋዩን የሚያዛውር ሌባም ከሥሩ ያለውን አያውቅም።

ከዓመታት በኋላ አንድ መጽሐፍ ሳነብ እጄ ተንቀጠቀጠ። የጥንት ሮማ መሬት ለኪዎች የወሰን ድንጋይ ሲተክሉ ከሥሩ አመድ፣ ከሰልና የሸክላ ስብራት ይቀብሩ ነበር፤ ሲኩሉስ ፍላኩስ የሚባለው ጸሐፊያቸው ስለዚህ ጽፏል። ተርሚኑስ የሚሉት የወሰን አምላክ ነበራቸው፤ በየዓመቱ በየካቲት ወር ጎረቤታሞች ድንጋዩ ዘንድ ተገናኝተው ያከብሩት ነበር። አባቴ ስለ ሮማ የሰማው ነገር ቢኖር ጣሊያንን ብቻ ነው። ከማን እንደተማረው ልጠይቀው አልችልም።

ሽማግሌዎቹ ግን አራቱን እርምጃ አልመለሱም። ሦስቱን መለሱ። አንዷን «ለጉርብትና» አስቀሯት፤ በታችኛው ጫፍ ጎርፉ ከአያ መሬት ቆርጧልና ጉዳቱን እንካፈል አሉ። ሰዎቹን አከብራቸዋለሁ፤ ያለ እነሱ ነገሩ ባልተቋጨ ነበር። ይህን ግን ዛሬም አልቀበለውም። ከሰሉ በተገኘበት ቦታ ላይ ቆመው፣ ባል የሌላትን ሴት እርምጃ ለሰላም ማካፈል ቀላል ነበር። ወንዙ የቆረጠው ለካሣ ይታሰብ ከተባለም በሜዳው ሁሉ በታሰበ። እናቴ የተናገረችው አንድ ነገር ነው፤ «ጉርብትናውን ሁልጊዜ ከፋይዋ እኔ ነኝ?» ከዚያ ተነሥታ የአያን እጅ ሳመች። እሳቸውም ክንዷን ይዘው አነሷት። ቡና በእነሱ ቤት ተፈላ።

ደብተሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የአማራ ክልል የገጠር መሬት አዋጅ 133 በ1998 ዓ.ም. ወጣ፤ የይዞታ ማረጋገጫው አረንጓዴ ደብተርም በየቀበሌው ተሰጠ። የባልና የሚስት ፎቶ ጎን ለጎን የሚለጠፍበት ነው፤ በእናቴ ደብተር ላይ ያለው የእሷ ብቻ ነው። ኮሚቴው ገመድ ይዞ መጣ፣ ሽማግሌ ቆመ፣ አዋሳኞች በአራቱ አቅጣጫ ተጻፉ። ፎቶ ለመነሣት ነጠላዋን አጥባ ቆቦ ስትወርድ የነበራትን ፊት አልረሳውም። ዕድሜዋን ሙሉ በመሬቷ ላይ «የእገሌ ሚስት» ነበረች። ይህ ደብተር ለመበለቶች ያደረገውን ነገር የሚያቃልል ሰው ድንበር ተገፍቶ አያውቅም።

ነገር ግን ደብተሩ የሚለው «በምሥራቅ እገሌ» ነው። መሥመሩ የት እንደሆነ አይልም። በኋላ ከአየር በተነሣ ፎቶ ላይ የማሳው ካርታ መሠራት ሲጀምር መሥመሩም ገባ፤ ለደጋው በቂ ይመስለኛል። በእኛ ሜዳ ግን ካርታው የእርከኑን ከፍታና የአፉን ቦታ አያውቅም። አዋጅ 133 ባለጉዳዮች አስቀድመው በሽማግሌ እንዲነጋገሩ ይፈቅድ ነበር፤ ደግ ነው። ቁርቁራው ሥር ከተቀመጡት ስድስቱ ግን ዛሬ አንድም የለም። የሚያውቁትን የጻፈላቸው ሰው አልነበረም፤ እኔም መምህርት ሆኜ በጊዜው አልጻፍኩም።

እናቴ በ2008 አረፈች። የሰሜኑ ጦርነት በ2013 ክረምት ቆቦ ሲገባ ከቤት ይዤ የወጣሁት ሁለት ነገር ነው፤ የእሷን ፎቶና ደብተሩን። አሁን መሬቱን የሚያርሰው የወንድሜ ልጅ ነው፤ በወዲያ በኩል የአያ የልጅ ልጅ ነው። ደለሉ በየዓመቱ ይጨምራል፤ ድንጋዩ በ1989 ከፍ ብሎ ቢተከልም እንደገና ሊዋጥ አንድ ስንዝር ሲቀረው፣ ሁለቱ ልጆች ጠሩኝ። በሰኔ፣ ዝናብ ሳይጀምር ሄድኩ። የድሮውን አላወጡትም፤ አዲስ ድንጋይ በላዩ ሊያስቀምጡ ነው። ከሰሉን ያመጣው የአያ የልጅ ልጅ ነው፤ ከቤታቸው ምድጃ አፍሶ፣ በፌስታል ቋጥሮ።